በ29 ቀናት የዞረ ጦርነት

በዚያ ዓመት ክረምት በሩሲያ ዋና ከተማ ፔትሮግራድ ውስጥ ዳቦ ማለት ወረፋ ማለት ነበር። ቀኑን ፋብሪካ ሲለፉ የዋሉ ሴቶች ሌሊቱን በረዶ ላይ ቆመው ያነጋሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ደግሞ “አልቋል” ተብለው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው ግንባር ናቸው፤ ላይመለሱ የሄዱትም ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1917፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 29 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የዓለም የሴቶች ቀን በሚታሰብበት ዕለት፣ በቪቦርግ ሰፈር የሚገኙ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ማሽናቸውን አቁመው ወጡ። በአቅራቢያቸው ወዳሉት የብረታ ብረት ፋብሪካዎች ሄደውም ከመስኮቱ ሥር ሆነው ወንዶቹን ተጣሩ። ጩኸታቸው “ዳቦ!” ነበር። ያዘዛቸው ፓርቲ አልነበረም፤ እንዲያውም የሶሻሊስት ድርጅቶቹ ለዚያ ቀን አድማ አልጠሩም።

ከዚያ ዕለት እስከ ኤፕሪል 6 ድረስ ያለው ጊዜ 29 ቀን ነው። ኤፕሪል 6 ደግሞ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ “ገለልተኛ ነኝ” ስትል የቆየችው አሜሪካ በጀርመን ላይ ጦርነት ያወጀችበት ቀን ነው። በእነዚህ 29 ቀናት ውስጥ ከተዋጊዎቹ ታላላቅ መንግሥታት አንዱ ከውስጥ ፈረሰ፤ ዳር ቆማ ስትመለከት የነበረች ታላቅ አገር ደግሞ ወደ መሐል ገባች። ጄኔራሎች ክፍለ ጦርና መድፍ ይቆጥራሉ። የሕዝብ ትዕግሥትና የዳር ተመልካች ዝምታ ግን ካርታቸው ላይ አይታዩም። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዕጣ የተቆረጠው እነዚህ ሁለቱ በአንድ ወር ውስጥ ባለቁበት ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ጽሑፍም እንዴት እንዳለቁ ለማሳየት የሚሞክር ነው።

የገለልተኝነት ገበያ

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1914 ሲጀመር “አያገባኝም” ያሉ መንግሥታት ጥቂት አልነበሩም። ነገር ግን አብዛኞቹ ገለልተኝነትን የያዙት ነጋዴ ዕቃውን በሚይዝበት መንገድ ነው፤ ዋጋው እስኪመጣ ድረስ። የኦቶማን መንግሥት ኦገስት 2 ቀን 1914 ከጀርመን ጋር በምስጢር ተዋውሎ ሲያበቃ ለዓለም ገለልተኛ ነኝ እያለ ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን እስኪቀረው ቆየ። ኦክቶበር 29 ግን የኦቶማንን ባንዲራ የሰቀሉ የጀርመን የጦር መርከቦች በጥቁር ባሕር ዳርቻ የሚገኙ የሩሲያ ወደቦችን ደበደቡ። የዳርዳኔል የባሕር መተላለፊያም ለሩሲያ እንደተዘጋ ቀረ። ስንዴዋን አውጥታ የምትሸጥበት፣ የጦር መሣሪያ ከአጋሮቿ የምታስገባበት ዋናው በር ይኸው ነበር። የአንድ ጎረቤት ገለልተኝነት ማብቃት ሩሲያን በቁሟ አገታት።

ጣሊያን ጦርነቱ ሲጀመር የጀርመንና የኦስትሪያ ቃል ኪዳን ተካፋይ ነበረች። አልገባም ብላ ዳር ያዘች። ኤፕሪል 26 ቀን 1915 ለንደን ላይ ሰፊ ግዛት ቃል ሲገባላት ግን በወሩ የቀድሞ ወዳጇን ኦስትሪያን ወጋች። ቡልጋሪያ መቄዶንያን አገኛለሁ ብላ በ1915 ከጀርመን ጎን ተሰለፈች። ሩማኒያ በኦገስት 1916 ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ሆና ገባች፤ በዲሴምበር ዋና ከተማዋ ቡካሬስት በጀርመኖች ተያዘች። የምር ገለልተኛ ሆነው የዘለቁትም ከእሳቱ አላመለጡም። ኖርዌይ አንድም ጥይት ሳትተኩስ የንግድ መርከቦቿን ግማሽ ያህል አጥታለች፤ ወደ 2,000 የሚጠጉ ባሕረኞቿም በባሕር ላይ ቀርተዋል። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ጦርነቱ ደጃችን ሲደርስ

አገራችንም ከዚህ ገበያ ውጭ አልነበረችም። ኢትዮጵያ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በጣሊያን ቅኝ ግዛቶች ተከብባ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የሁለቱንም ወገን መልእክተኞች ታስተናግድ ነበር። ጀርመንና ኦቶማን ከኢትዮጵያ ጋር መቀራረብን ፈልገዋል። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሊዮ ፍሮቤኒየስ በ1915 መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ ሊሻገር ምፅዋ ሲደርስ፣ ያኔ ገና ገለልተኛ የነበረችው ጣሊያን እንዳያልፍ ከለከለችው። ገለልተኛ መባል አለመወገን እንዳልሆነ ምፅዋ ላይ በግልጽ ታየ።

አገሪቱን ይመሩ የነበሩት ልጅ ኢያሱ ከኦቶማን ቆንስል ጋር መቀራረባቸውና በምሥራቅ ከሙስሊሙ ኅብረተሰብ ጋር የፈጠሩት ወዳጅነት የሦስቱን ቅኝ ገዥዎች ሌጋሲዮኖች እንቅልፍ ነሣ። በሴፕቴምበር 1916 ሌጋሲዮኖቹ ለኢትዮጵያ መንግሥት የተቃውሞ ደብዳቤ አቀረቡ። ብዙም ሳይቆይ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ተስማምተው ልጅ ኢያሱን ሻሩ፤ ንግሥት ዘውዲቱ ነገሡ፤ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ልክ በወሩ ጥቅምት 17 ንጉሥ ሚካኤል ስለ ልጃቸው የመሩት የወሎ ጦር ሰገሌ ሜዳ ላይ ተሸነፈ።

ሰገሌ የሕዝብ አብዮት አልነበረም። ምክንያቶቹም የውጭ ብቻ አልነበሩም፤ የሃይማኖት ጥርጣሬ፣ የሸዋ መኳንንት ቅሬታና የሥልጣን ፉክክር ሁሉ ተደራርበዋል። የልጅ ኢያሱ ዓላማም ዛሬ ድረስ ታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል። የማያከራክረው ነገር በታላላቆቹ ጦርነት ውስጥ የትንሿ ገለልተኛ አገር ቤተ መንግሥት ሳይቀር የጦር ግንባር መሆኑ ነው። ከሰገሌ አራት ወር በኋላ ደግሞ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ዙፋን ወደቀ።

የአሜሪካ ረጅም ዝምታ

ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን በኦገስት 1914 ሕዝቡ በተግባር ብቻ ሳይሆን በሐሳቡም ገለልተኛ እንዲሆን ጠየቀ። የገንዘቡ መንገድ ግን ሌላ ነበር። እንግሊዝ ባሕሩን ስለዘጋች የአሜሪካ ስንዴ፣ ጥጥና ጥይት ወደ ጀርመን መሄድ አልቻለም፤ ወደ እንግሊዝና ፈረንሳይ ግን በገፍ ይጫን ነበር። በ1917 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ባንኮችና ባለሀብቶች ለእንግሊዝ ወገን ያበደሩት ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ ለጀርመን የተሰጠው ደግሞ 27 ሚሊዮን ገደማ። ሚዛኑ ከሕጉ ቀድሞ አጋድሎ ነበር ማለት ነው።

ቢሆንም ሕዝቡ ጦርነት አልፈለገም። ሜይ 7 ቀን 1915 ሉሲታኒያ የተባለች መንገደኛ መርከብ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ወደ 1,200 የሚጠጉ ሰዎች ሲያልቁ፣ ከእነዚህም 128ቱ አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ ዊልሰን ተቆጣ እንጂ አልዘመተም። በ1916 ምርጫ ደጋፊዎቹ ከጦርነት እንደጠበቃቸው እየሰበኩ ዳግመኛ አስመረጡት።

ይህን ዝምታ የሰበረችው ራሷ ጀርመን ናት። የባሕር ኃይሉ ኤታማዦር ሹም አድሚራል ሆልትዘንዶርፍ በየወሩ 600,000 ቶን የሚሆን መርከብ ካሰጠምን እንግሊዝ በአምስት ወር ውስጥ እጇን ትሰጣለች ብሎ በስሌት አስረዳ። ጃንዋሪ 9 ቀን 1917 ፕሌስ በተባለው ቤተ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም ተስማማ፤ ከፌብሯሪ 1 ጀምሮ ገለልተኛም ይሁን ጠላት ሳይለይ ወደ እንግሊዝ የሚሄድ መርከብ ሁሉ ይመታ ተባለ። አሜሪካ ብትገባስ? ጦሯ ትንሽ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣ ነገሩ ያልቃል ተባለ።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አርቱር ዚመርማን ደግሞ ለሜክሲኮ የላከው ምስጢራዊ ቴሌግራም አለ። አሜሪካ ጦርነት ከከፈተች ሜክሲኮ ከጀርመን ጋር ብትሰለፍ ቴክሳስን፣ ኒው ሜክሲኮንና አሪዞናን መልሳ እንደምታገኝ ይገልጻል። ጀርመን የራሷ የባሕር ሥር የቴሌግራም መስመር ጦርነቱ እንደጀመረ በእንግሊዝ ስለተቆረጠባት፣ መልእክቱ የተላከው ዊልሰን ለሰላም ድርድር ይረዳል ብሎ በፈቀደላት በራሷ በአሜሪካ የዲፕሎማቲክ መስመር ነው። እንግሊዞች መሐል መንገድ ላይ ጠልፈው ፈቱት። ማርች 1 ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ዚመርማን ራሱ “እውነት ነው” አለ። ወዳጅነት ብሎ ቤቱን የከፈተ ሰው፣ በዚያው በር ሌባ ሲገባ እንዳየ ሁሉ የአሜሪካ ሕዝብ ተቆጣ።

ወታደሩ “አልተኩስም” ሲል

በዚያው ሳምንት ነው የፔትሮግራድ ሴቶች የወጡት። በሦስተኛው ቀን ከተማዋ ሥራ አቁማ ነበር። የሩሲያው ዛር ዳግማዊ ኒኮላስ ርቆ ሞጊሌቭ በሚገኘው የጦር ጠቅላይ ሰፈር ሆኖ፣ ሁከቱ በነገው ዕለት እንዲቆም ለከተማዋ ጦር አዛዥ ለጄኔራል ካባሎቭ በቴሌግራም አዘዘ።

እሑድ ማርች 11 የቮሊንስኪ ሬጅመንት አንድ ቡድን በዝናመንስካያ አደባባይ ሕዝብ ላይ ተኩሶ ብዙ ሰው ገደለ። ማታ ወታደሮቹ ወደ ሰፈራቸው ሲመለሱ የገደሉት የራሳቸውን ወገን መሆኑ አላስተኛቸውም። ቲሞፌይ ኪርፒችኒኮቭ የሚባል የበታች ሹም ጓዶቹን ሰብስቦ ነገ አንተኩስም ብለው ተማማሉ። ጠዋት አዛዣቸው መጥቶ ሊያሰልፋቸው ሲል እምቢ አሉት፤ እዚያው ግቢ ውስጥም በጥይት ወደቀ። ከዚያ ወደ ጎረቤት የጦር ሰፈሮች እየሮጡ ሌሎቹን ጠሩ። ሲመሽ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ከሕዝቡ ጋር ቆሞ ነበር።

እነዚህ ወታደሮች እነማን ናቸው? የቀድሞው ሠራዊት ግንባር ላይ ስላለቀ ከእርሻቸው የተወሰዱ፣ ወደ ግንባር የሚላኩበትን ቀን እየፈሩ የሚጠብቁ ምልምሎች ናቸው። ጦርነቱ ዙፋኑን የሚጠብቁትን ወታደሮች ጨርሶ፣ ጠመንጃውን ለተራበ ገበሬ ልጅ አስታጠቀ።

ማርች 15 ኒኮላስ ፕስኮቭ ላይ በቆመ የባቡር ፉርጎ ውስጥ ዙፋኑን የሚለቅበትን ወረቀት ፈረመ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ንጉሡን ልቀቅ ያሉት የግንባር ጄኔራሎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ምክንያታቸውም ጦርነቱ በተሻለ እንዲካሄድ ነበር። ሴቶቹ የወጡት ግን ጦርነቱ ያመጣው ረሃብ እንዲያበቃ ነው። አንዱን አብዮት ሁለት ወገን ለሁለት ተቃራኒ ዓላማ ተቀበለው። የዚያ ዓመት ቀሪው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ቅራኔ የፈለቀ ነው።

ሁለቱ መንገዶች ሲገናኙ

ለዊልሰን የፔትሮግራድ ዜና የመጣው በትክክለኛው ሰዓት ነው። ስለ ነፃነት እንዋጋለን ለማለት ቢፈልግ፣ አብሮት የሚሰለፈው የሩሲያ ዛር እንቅፋት ነበር፤ በተለይ ከዛሩ ጭቆና ሸሽተው አሜሪካ የገቡ በርካታ አይሁዶችና ፖላንዳውያን ይህን አይቀበሉም። አሁን ዛሩ የለም። ማርች 22 አሜሪካ ከመንግሥታት ሁሉ ቀድማ ዛሩን ለተካው የሩሲያ ጊዜያዊ መንግሥት ዕውቅና ሰጠች። ኤፕሪል 2 ማታ ዊልሰን ምክር ቤቱ ፊት ቆሞ ጦርነት እንዲታወጅ ሲጠይቅ የሩሲያን ለውጥ አንሥቶ አሞገሰ። ሴኔቱ 82 ለ6፣ የተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ 373 ለ50 በሆነ ድምፅ አጸደቀው። ለምክር ቤቱ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ጃኔት ራንኪን “አይሆንም” ካሉት 50ዎቹ አንዷ ነበረች።

ጀርመን ያንን የጃንዋሪ ውሳኔ ሁለት ወር ብታቆየው ኖሮ ሩሲያ ስትናጋ ታይ ነበር። እንግሊዝም በአሜሪካ ገበያ የምትከፍለው ዶላር እያለቀባት ነበር። የአሜሪካ ባንኮች ያለ መያዣ እንዳያበድሩ የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ በኖቬምበር 1916 አስጠንቅቋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል የአገራችን ሰው። የበርሊን መሪዎች የምሥራቁ ግንባር ከውስጥ ሊፈርስ ሳምንታት ሲቀሩት፣ በምዕራብ አዲስ ባላጋራ ጠርተው አስገቡ። በዚህ ጦርነት ከተሠሩት ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው ብል አላጋነንሁም።

ጦርነቱን ልቀጥል ያለ አብዮት

የሩሲያ ጊዜያዊ መንግሥት ለአጋሮቹ የገባሁትን ቃል አላጥፍም አለ። የፔትሮግራድ ሶቪየት፣ ማለትም የሠራተኞችና የወታደሮች ምክር ቤት፣ ግን ማርች 14 ቀን “ትእዛዝ ቁጥር አንድ” በተባለው መመሪያው በየጦር ክፍሉ የወታደሮች ኮሚቴ እንዲመረጥ አድርጎ ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሚሊዩኮቭ ጦርነቱ እንደሚቀጥል ለአጋሮቹ የላከው ማስታወሻ ሲታወቅ ሕዝቡ ጎዳና ወጣ፤ ሚሊዩኮቭም በሜይ ሥልጣኑን ለቀቀ። የጦር ሚኒስትሩ ከረንስኪ በጁላይ ያስጀመረው ማጥቃት በሳምንታት ውስጥ ከሸፈ። ወታደሩ በእግሩ ወደ መንደሩ ይመለስ ጀመር፤ መሬት ሊከፋፈል ነው የሚል ወሬ ሰምቷልና።

ትኩሳቱ ድንበር አላቆመውም። በሜይና በጁን ከፈረንሳይ ክፍለ ጦሮች ግማሽ ያህሉ አንዋጋም የሚል እንቢታ ታየባቸው። ፈረንሳይ ውስጥ የሰፈሩት የሩሲያ ብርጌዶችም ላ ኩርቲን ላይ አመፁ። የፈረንሳይ ጦር አዛዥ ጄኔራል ፔታን ነገሩን ያበረደው በቅጣት ብቻ አይደለም፤ ምግቡን አሻሽሎ፣ ፈቃድ ሰጥቶ፣ ከንቱ ማጥቃቶችንም አቁሞ፣ አሜሪካኖቹን እንጠብቅ ብሎ ነው። የአንዷ ገለልተኛ ወደ ጦርነቱ መግባት የሌላዋን አገር አብዮት ያስቀረው እንዲህ ነው።

ጀርመንም የሌላውን ቤት እሳት ልታራግብ ወሰነች። አሜሪካ ጦርነት ባወጀች በሦስተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 9፣ በስደት የነበረው የቦልሼቪኮች መሪ ሌኒንና ጓዶቹ ከዙሪክ ተነሥተው በጀርመን ፈቃድ፣ በጀርመን ባቡር አገሪቱን አቋረጡ፤ በስዊድን በኩልም ኤፕሪል 16 ፔትሮግራድ ገቡ። የቦልሼቪኮች ጥያቄ አጭር ነበር፤ ሰላም፣ ዳቦና መሬት። ኖቬምበር 7 ሥልጣን ያዙ፤ በማግስቱ የሰላም አዋጅ አወጡ። ማርች 3 ቀን 1918 ብሬስት ሊቶቭስክ ላይ ፖላንድን፣ ዩክሬንንና የባልቲክን አገሮች ለቀው ከጦርነቱ ወጡ።

የተላከው እሳት ሲመለስ

ውሉ ከተፈረመ 18 ቀን በኋላ፣ ማርች 21፣ የጀርመኑ ጄኔራል ሉደንዶርፍ በምዕራብ ግንባር ታላቁን ማጥቃት ጀመረ። ከምሥራቅ ከ40 የሚበልጡ ክፍለ ጦሮች አዙሮ ነበር። ጥያቄው አንድ ነው፦ ከምሥራቅ የሚመጣው ባቡር ይቅደም ወይስ ከምዕራብ የሚመጣው መርከብ? የጀርመን ጦር በሳምንታት ውስጥ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገፋ፤ ፓሪስም ከሩቅ በሚተኮስ መድፍ ተደበደበች። ሆኖም የወሰደውን ሰፊ የምሥራቅ ግዛት ለመጠበቅ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ጦር እዚያው መተው ነበረበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ ዩክሬንን ልያዝ ሲል ፓሪስ አመለጠችው። በበጋው በቀን 10,000 ያህል አሜሪካዊ ወታደር ፈረንሳይ ይደርስ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ቁጥሩ ወደ 2 ሚሊዮን ደርሷል።

በመጨረሻ የፔትሮግራድ ወረፋ በርሊንም ደረሰ። ጀርመኖች የ1916–17ን ክረምት በቀይ ሥር መሰል ሥራ ሥር አሳልፈውታል። በጃንዋሪ 1918 የበርሊን ሠራተኞች በብዙ መቶ ሺዎች ሥራ አቁመው ሰላም ጠየቁ። በኦክቶበር መጨረሻ የባሕር ኃይሉ አዛዦች ለክብር ሲሉ መርከቦቹን ወደ መጨረሻ ውጊያ ሊያወጡ ሲሞክሩ መርከበኞቹ አንሄድም አሉ። ኪል ላይ የተነሣው አመፅ ከተማ ለከተማ ተዛመተ፤ ኖቬምበር 9 ንጉሠ ነገሥቱ ወረደ፤ ኖቬምበር 11 ከጠዋቱ በአምስት ሰዓት ተኩስ ቆመ። ሌኒንን በባቡር የላከው መንግሥት ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ራሱ በአብዮት ወደቀ።

ከዚህ የምንይዘው

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህንን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ተረት የምናነብበት ምክንያት የለንም። ከ60 ዓመት በኋላ የየካቲት 1966 ዓ.ም.ን አብዮት ተከትሎ አገራችን ስትናወጥ፣ የሶማሊያው የዚያድ ባሬ መንግሥት አጋጣሚውን ዓይቶ እ.ኤ.አ. በ1977 ወረረን። የረጅም ዘመን ወዳጅ የነበረችው አሜሪካ ራቀች፤ ሶማሊያን ያስታጠቀችው ሶቪየት ኅብረት ወደ እኛ ዞረች፤ ሶማሊያም በኖቬምበር ሶቪየቶችን አባረረች። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ የተገኘውን ድል ያመጣው የወታደሩ ጀግንነት ነው፤ ሚዛኑን ያዞረው ግን የወዳጅና የባላጋራ መለዋወጥ ጭምር ነው። አብዮት ደካማ ያስመስላል፤ ደካማ መስሎ የታየ ይወረራል፤ ሲወረር ደግሞ የዳር ተመልካቾች ቦታ ይለዋወጣሉ።

ከ1917 የምወስደው ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። ሕዝቡን ሳያበላ የሚዋጋ መንግሥት ጊዜ እየተበደረ ነው የሚዋጋው፤ ብድሩን የሚጠይቀውም ጠላት ሳይሆን የራሱ ወታደር ነው። ገለልተኛውን የሚንቅ መንግሥት ደግሞ ባላጋራውን በገዛ እጁ ያበዛል። ሁለቱም ስሕተቶች የሚሠሩት በድል ተስፋ ሞቅ ባለ ስብሰባ ውስጥ ነው፤ ዋጋቸውን የሚከፍሉት ግን እዚያ ስብሰባ ያልተጠሩ ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ ዛሬም የጦርነት ዜና ስንሰማ፣ ስንት ታንክ ተማረከ ከማለታችን በፊት በዋና ከተማው ዳቦ ስንት እንደገባ እንጠይቅ። እስካሁን ዝም ያሉት ጎረቤቶች እነማን እንደሆኑ፣ ዝምታቸውም በምን እንደተገዛ እንመርምር። የቪቦርግ ሴቶች ማሽናቸውን አቁመው በወጡበት ማለዳ ከአጠገባቸው አንድም ጄኔራል አልነበረም፤ ጦርነቱ መዞር የጀመረው ግን እዚያ ነው።